ምትኩ ማን ነው?

አባቴ በመሥሪያ ቤቱ ፋይል 4ኛ ክፍል ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ምስማርና ቀለም፣ አካፋና ዶማ ሲመዘግብ ኖሮ፣ በ4ኛ ክፍል ደመወዝ ልጆቹን አሳድጎ ጡረታ ወጣ። ሁሉም ልክ ይመስላል፤ አንድ ነገር ብቻ አይገጥምም። የ4ኛ ክፍል ሰው ሎጋሪዝም አያውቅም። አባቴ ያውቅ ነበር።

10ኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ማታ የሎጋሪዝም ሠንጠረዤ ጠፍቶብኝ ቤቱን ሳተራምስ፣ ጋቢውን እንደተከናነበ፣ ጆሮውን ከሬዲዮው ሳያነሳ «የስንት ነው የምትፈልገው?» አለኝ። «የ2» አልኩት፣ እየቀለድኩ። «ዜሮ ነጥብ 3010» አለ። «የ3ስ?» «ዜሮ ነጥብ 4771።» ቀጥሎ «የ6ን አትጠይቀኝ፤ ሁለቱን ደምረህ አግኘው» ብሎ ወደ ዜናው ተመለሰ። ደመርኩ፤ 0.7781። በማግሥቱ ከመጽሐፍ ላይ ሳየው 0.7782 ነው፤ የተለየው በመጨረሻዋ አኃዝ ብቻ ነው። የት እንደተማረው ስጠይቀው «ከሰው ሰምቼ» አለ። ሎጋሪዝምን ከሰው ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።

አባቴ ባረፈ፣ አርባው በወጣ ማግሥት ሳጥኑን ከፈትን። የጡረታ ደብተር፣ የዕድር ካርኒ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማታ ማታ ሰው ላስተማረበት የተሰጠው የምስክር ወረቀት፣ ከነማኅደሩ ዳዊቱ። ዳዊቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጠዋት ጠዋት የሚደግመው ነው። የማናውቀው ከማኅደሩ ቆዳ ሥር አራት ታጥፎ የተቀመጠውን ወረቀት ነው። ስንዘረጋው የ8ኛ ክፍል የሚኒስትሪ ሰርተፍኬት ሆኖ ተገኘ፤ 1964 ዓ.ም.፣ የትውልድ ቦታ እንፍራንዝ። የአባት ስም የአያቴ ስም ነው። የአያት ስም የቅድመ አያቴ ነው። የተማሪው ስም ግን ምትኩ ይላል። ጉርድ ፎቶግራፉ ተነቅሏል፤ የቀረው የሙጫው ምልክትና የማኅተሙ ግማሽ ነው።

እኛ ምትኩ የሚባል ሰው አናውቅም። አባታችንን አገር ምድሩ የሚያውቀው «ገብረ» ብሎ በሚጀምር ስሙ ነው።

ምትኩ የሚለው ስም የሚወጣው ከፊቱ ልጅ ለሞተበት ልጅ ነው። እህቴ «አባዬ የሞተ ወንድም ነበረው፤ ወረቀቱን ለማስታወሻ አስቀምጦት ነው» አለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በሰው ስም የሚማር ሰው በዚያ ዘመን ብዙ ነበር ባይ ነው። እናታችንን ጠየቅናት። «እኔ ሳገባው ስሙ ይኸው ነው። የሞተ ሰው ሳጥን አይበረበርም» ብላ ተነሳች።

ቤታችን ውስጥ ስሙ እንዴት ሳይሰማ ይህን ያህል ዘመን እንደኖረ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእኛ ቤት ሰው በስም አይጠራራም። እናቴ «የልጆቼ አባት» ትለዋለች። ከእንፍራንዝ አልፎ አልፎ የሚመጡት እህቱ «ወንድም ጋሼ» ይሉታል። ለእኛ «አባዬ» ነው። ጎረቤት በእኔ በበኩሩ ስም «የእገሌ አባት» ይለዋል። አንድ ሰው ስሙን መደበቅ ቢፈልግ ከአማራ ቤት የተሻለ መደበቂያ አያገኝም።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ላይ ሰርተፍኬቱን ይዤ ወደ እንፍራንዝ ተሳፈርኩ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረታን አልፎ፣ የፎገራን ሜዳ በግራ ትቶ፣ አዲስ ዘመንን ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ወደ ተራራ ይወጣል። አሞራ ገደል የሚባለው፣ እንደ ጣት ሽቅብ የቆመው ድንጋይ ሲታይ እንፍራንዝ ተቃርቧል ማለት ነው። ከተማዋ አስፋልቱን ይዛ የተዘረጋች ናት። ከበላይዋ፣ ከኮረብታው ላይ፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገርለት የጉዛራ ቤተ መንግሥት አለ። ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ለሚያይ፣ ከጥቁር አፈሩ የሽምብራ ማሳ ባሻገር ጣና ይብለጨለጫል። ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነገሥታት እዚህ ይከርሙ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው። ሰኞ ጠዋት ነበር። ባንዲራ ተሰቅሎ፣ ሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎኑን እያስጮኸ ስለ ሰዓት ማክበር ምክር እያነበበ፣ ያረፈደ ልጅ በር ላይ ከዘበኛው ጋር እየተከራከረ። የምፈልገው ዘመን መዝገብ እዚያ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እንደነገሩኝ በአባቴ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የፈለገ ልጅ ጎንደር ይወጣ ነበር። ይሁን እንጂ ባዶ እጄን አልተመለስኩም፤ ምክንያቱም እዚያ ግቢ ውስጥ አባቴን በአካል ያየሁት መሰለኝ።

ዕረፍት ላይ ከአጥሩ ጥግ ከተቀመጡ ልጆች ጋር ወግ ጀመርኩ። ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው። ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግራቸው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። አስገብተው አሳዩኝ። የጭቃው ግድግዳ የፊዚክስ ቀመር በተጻፈበት ወረቀት ተለብጧል። አንድ መደብ፣ ከሥሩ ጀሪካን፣ ጥግ ላይ ጥላሸት የጠጣ ቡታጋዝ። ከምስማር ላይ ሦስት ማዳበሪያ ተንጠልጥሏል። አንዱን አወረደልኝ፤ እናቱ አፉን በነጠላ ጥለት አስራዋለች። ከሥር ድርቆሽ፣ ከላይ ቆሎ፣ በብልቃጥ በርበሬ፣ በላስቲክ ሽሮ። «እስከ ዓርብ ይበቃል?» አልኩት። «እስከ ረቡዕ» አለኝ። «ሐሙስና ዓርብስ?» ጓደኛውን አየውና ሳቀ። «ሐሙስ የሱ ነው።» ማዳበሪያዎቹ ሦስት ናቸው እንጂ ስንቁ አንድ ነው።

እነዚህ ልጆች አዲስ ነገር አልፈጠሩም። ጎንደር ቅኔና ዜማ፣ ድጓና አቋቋም ፍለጋ አገር አቋርጠው የሚመጡ የቆሎ ተማሪዎችን ለዘመናት ያስተናገደች አገር ናት። ደበሎው በዩኒፎርም፣ አኩፋዳው በማዳበሪያ ተተካ። በእንተ ስማ ለማርያም መባሉ ቀርቶ የቤት ኪራይ መጣ። እንጂ ሆድን በቆሎ አታሎ ፊደል የመቁጠሩ ነገር ያው ነው።

የታሪክ መምህሩ ሰርተፍኬቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ምትኩ» ሲል ፈገግ አለ። «የእንፍራንዝን ምትኩ አታውቀውም?» ደነገጥኩ። እሱ ግን ስለ ሌላው ምትኩ ነበር የሚያወራው፤ ስለ ወልደ ሕይወት። ‹ሐተታ› የተባለው የፍልስፍና ድርሰት ባለቤት ዘርዐ ያዕቆብ ከአክሱም የሸሸ መምህር ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተከሶ፣ ትንሽ ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ተሰደደ። ተከዜ አጠገብ በዋሻ ተደብቆ ኖረ። ሱስንዮስ ሲሞቱ ወጥቶ እንፍራንዝ ገባና ሀብቱ ለሚባል ባለጸጋ ዳዊት እየጻፈ፣ የሀብቱን ልጆች እያስተማረ፣ እዚሁ አግብቶ ወልዶ አረጀ። ሰውየው ሁለት ስም አለው፤ ዘርዐ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ነው፣ ሰው የሚጠራው ወርቄ ብሎ ነው። ሐተታውን እንዲጽፍ የለመነው የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወትም በዓለም ስሙ ምትኩ ይባላል።

መምህሩ ሐቀኛ ነው፤ ሌላውንም አልደበቀኝም። ድርሰቱን በ1850ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ ፓሪስ፣ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው። ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «ጸሐፊው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው» ብሎ ተነሳ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ዕድሜ ልካቸውን ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። «እኔ ልጆቹን የማስከራክረው በዚህ ነው» አለኝ። «አንዱ ነበረ ይላል፣ ሌላው አልነበረም ይላል። ማስረጃ ሳይዝ የሚጮኸውን አስቀምጠዋለሁ።» ከዚያ ወረቀቴን መለሰልኝ። «አንተም ማስረጃህን ፈልግ።»

ማስረጃዬ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ ከደጃቸው ጌሾ እያሰጡ አገኘኋቸው። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ። ወረቀቱን አላነበቡትም፤ ማንበብ አይችሉም። «ምትኩ ማን ነው?» ስላቸው ግን እጃቸው ጌሾው ላይ ቀረ።

«ማን ነገረህ?»

«ወረቀቱ።»

ዝም ብለው ቆዩ። «እንዲያ ከሆነማ ግባ» አሉኝ።

አባቴ ራሱ ነው ምትኩ። ከፊቱ የነበረውን ልጅ ፈንጣጣ ወስዶት እሱ ተተካ። ፊደልና ዳዊት የቆጠረው ከየኔታ ዘንድ ነው። ከዚያ አያቴ ወደ አስኳላ አስገባው። ጎረቤት «ልጁን ሊያስከዳ ነው» ሲል የአያቴ መልስ አንድ ነበር፤ «ከፍዬበታለሁ!» እውነትም ከፍሎበታል። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ባለርስት ሁሉ ከመሬት ግብሩ ጋር የትምህርት ግብር ይከፍል ነበር። ትምህርት ቤት በዓይኑ ያላየ ገበሬም ከፍሏል። አክስቴ ከሙዳይ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ የግብር ደረሰኞች አወጡልኝ። አያቴ ማንበብ ባይችልም አንዱንም አልጣለም።

8ኛን ሲያልፍ ጎንደር ሄደ። ያደረው ከጃን ተከል ዋርካ ብዙ በማይርቅ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ኪራይ አልከፈለም፤ በምትኩ የሴትዮዋን ልጆች ያስተምራል። ስንቁ በየሁለት ሳምንቱ ከእንፍራንዝ በነጋዴ ይላካል፤ ሽምብራ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሒሳብ የሚያስተምረው ህንዳዊ ነበር። በዚያን ጊዜ ከህንድ የመጡ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ሞልተው ነበርና ሎጋሪዝሙ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። በ1967 ዓ.ም. እንደ እኩዮቹ ካኪ ለብሶ እድገት በኅብረት ዘመተ። ዘመቻው ወደ 60,000 ተማሪና መምህር ወደ ገጠር የላከ ነበር። ሲመለስ አገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀው። ትምህርት ቤቶች እንኳ ስማቸው ተቀይሯል፤ አዲስ አበባ ላይ ተፈሪ መኮንን እንጦጦ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የተማሪ ስም ደግሞ ደርግ በሚያሳድዳቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መግባት ጀምሯል።

«1970 ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ነው» አሉ አክስቴ። «ያቺ ሴትዮ ባዶ ማዳበሪያ ይዛ መጣች። ስንቅ የምንልክበትን ማዳበሪያ። እናቴ ስታየው ጮኸች። ሴትዮዋ አፏን ይዛ ‹አትጩሂ፤ ልጅሽ በሕይወት አለ። ስሙን ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዳታነሱ› አለቻት።»

የሆነው እንዲህ ነው። አባቴ እንደሚፈለግ ለሴትዮዋ አንድ ሰው ሹክ አላት። ሌሊቱን ደበሎ ከየትም ከየትም አምጥታ አለበሰችው። አኩፋዳ አሸክማ፣ ዱላ አስይዛ፣ ዳዊቱን በማኅደሩ አንጠልጥላለት በጎሕ ሸኘችው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሌሊቱን የቆሎ ተማሪ ሆኖ አደረ። ኬላ ላይ ያዙት። ከታጠቁት አንዱ «ተማሪ ከሆንክ ድገማ!» አለው። ከየኔታ ዘንድ የተማረውን ዳዊት በቃሉ ለቀቀው። ስሙን ሲጠይቁት አልዋሸም፤ የቆሎ ተማሪ የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነውና የክርስትና ስሙን ነገራቸው። በዚያው ስም ጎጃም ገባ፣ በዚያው ስም ተቀጠረ፣ በዚያው ስም እኛን ወለደ። የተማረበትን ወረቀት ማሳየት የማይችል ሰው ምን ይላል? 4ኛ ክፍል ይላል።

እዚህ እንፍራንዝ ደግሞ ቤተሰቡ ፈላጊዎቹ እንዲተዉት «ሞተ» ብሎ ለቅሶ ተቀመጠ። ዳስ ተጣለ፣ ለቀስተኛ መጣ። «የነፍስ አባታችን ግን ፍትሐቱን እምቢ አሉ» አሉ አክስቴ፣ ዕንባና ሳቅ እየተናነቃቸው። «‹ልቅሶውን አልቅሱ፤ እኔ በሕይወት ላለ ሰው አልፈታም› አሉ። አገሩ ይኼኔ ጠረጠረ። ማንም ግን አልተናገረም።»

ደርግ ከወደቀ በኋላ ለምን ስሙን እንዳልመለሰ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም አንድ ጊዜ ጠይቀውት ነበር። «አንዴ ሞቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ይኸኛውን ልግደለው?» ነበር መልሱ።

በሦስተኛው ቀን ጎንደር ነበርኩ። አባቴ የተማረበት ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊዋ መጀመሪያ «የ1970 ሮስተር? ማን ይጠይቀኛል ብዬ ነው!» ብላ ሳቀች። ወረቀቱን ስታይ ግን ቁልፍ ይዛ ተነሳች። መዝገቦቹ እንደ በር የሰፉ፣ ጀርባቸው በጨርቅ የተለበጠ፣ ጠርዛቸውን አይጥ የበላቸው ናቸው። በነጠላዋ አቧራውን ጠረገችና ገለጠች። ከገጹ መሐል በሰማያዊ ቀለም፣ በደማቅ የእጅ ጽሕፈት፤ ምትኩ። የአንደኛው መንፈቅ ውጤት ሙሉ ነው። ሒሳብ 94። የሁለተኛው መንፈቅ ባዶ። ከመጨረሻው ዓምድ፣ ከአስተያየት ሥር፣ አንድ ቃል አለ፤ «አቋርጧል»።

ጣቴን ወደ ታች አወረድኩ። «አቋርጧል»። ዝቅ ብሎ «አቋርጣለች»። እንደገና «አቋርጧል»። ገጹን ሳልጨርስ በአንድ እጄ ጣት መቁጠር አልበቃኝም። ሁሉም በአንድ ሰው እጅ ጽሕፈት ነው። የጻፈው መምህር ምን እያሰበ እንደጻፈው እንጃ፤ የእያንዳንዱ ብዕር አጣጣል ግን እኩል ነው፣ አንዱም ላይ አልተንቀጠቀጠም። ኃላፊዋ ከጎኔ ቆማ ስታነብ ቆየችና «እነዚህ ሁሉ ትምህርት ጠልተው ነው?» አለችኝ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

የጠላ ቤቷን ሴት በሕይወት አላገኘኋትም። ልጇ ግን እዚያው ቤት አለች። ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። «ሀ ሁን ያስቆጠረኝ ምትኩ ነው» አለችኝ። «ሹክ ያለው ሰው ማን ነበር?» ስላት ራሷን ነቀነቀች። «እናቴ ያን ይዛው ነው የተቀበረችው። ቤቱ ጠላ ቤት ነው ልጄ፤ ሁሉም ይጠጣበት ነበር። አሳዳጁም።»

ስመለስ መንገድ ላይ የታሪክ መምህሩን ነገር አስብ ነበር። ከሦስት መቶ ምናምን ዓመት በፊት እንፍራንዝ ላይ አንድ ባለቤት አንድ ስደተኛ አስጠጋ፤ ስደተኛውም የቤቱን ልጆች አስተማረ። ጎንደር ላይ አንዲት ጠላ ሻጭ አንድ የገበሬ ልጅ አስጠጋች፤ እሱም ልጆቿን አስተማረ። የስሙ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ በአጋጣሚ ላይ ቤት አልሠራም። የእንግድነቱ ውል ግን አጋጣሚ አይደለም። በዚህ አገር ትምህርት ቤት ማለት መጀመሪያ ያስጠጋህ ቤትና የላከልህ ማዳበሪያ ነው። ግንቡና ደወሉ የሚመጡት በኋላ ነው።

ይህን ስጽፍ ወደ እንፍራንዝ እንደልብ መሄድ ቀርቷል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ጦርነት በአማራ ክልል ከተስፋፋ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተዘረፉና የፈረሱም ብዙ ናቸው። ስንቃቸውን ያሳዩኝ ሦስቱ ልጆች የት እንደደረሱ አላውቅም። ከእነሱ በኋላ የመጡት ታናናሾቻቸው ግን ዛሬ በአንድ መዝገብ ላይ አንድ ቃል እየተጻፈባቸው መሆኑን አውቃለሁ።

ስለዚህ ሮስተር በእጃችሁ ላለ መምህራንና መዝገብ ያዦች አንድ አደራ አለኝ። የድሮውን አትጣሉ፤ የአንድ ሰው አባት እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በአዲሱ ላይ «አቋርጧል» ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ከጎኑ ለምን እንደሆነ ጻፉ።